በሜዳችን ግድግዳ ላይ የማን ስም ይጻፍ? ስለ መረብ ኳስ ታላላቆችና ስለ ክብራቸው

የታቦር ልጅ፣ ከሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። በታቦር ተራራ ግርጌ ባለች አንዲት የመረብ ኳስ ሜዳ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 16 የሆኑ ልጆችን በበጎ ፈቃድ አሠለጥናለሁ። ሜዳችን የአፈር ናት፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚነሣው ነፋስ ከፍ ብሎ የተመታን ኳስ ወደ አጥሩ ስለሚወስደው፣ ልጆቹ ሰርቪስን ዝቅ አድርጎ መምታትን ከእኔ ይልቅ የተማሩት ከነፋሱ ነው። ከሜዳው አጠገብ ኳስና መረብ የምናስቀምጥባት በብሎኬት የተሠራች ክፍል አለች። በዚህ ክረምት ከልጆቹ የአንዱ አባት የፊት ለፊት ግድግዳዋን ያለ ክፍያ ለስኖ ነጭ ቀለም ቀብቶልናል። በዚያ ግድግዳ ላይ የስድስት የመረብ ኳስ ሰዎችን ስምና ያገኙትን ክብር ለመጻፍ አስበናል። ስድስት ያልኩት በሜዳ የሚሰለፉት ስድስት ስለሆኑ ነው።

ይህን ያሰብኩበት ምክንያት አለኝ። ልጆቹ የደራርቱ ቱሉን፣ የኃይሌ ገብረሥላሴንና የቀነኒሳ በቀለን ድሎች በቃላቸው ይወጣሉ። በየቀኑ ስለሚጫወቱት ጨዋታ ግን ከወላይታ ድቻና ከሙገር ሲሚንቶ ቡድኖች ውጭ የሚጠሩት ስም የላቸውም።

ዝርዝሩን የጀመርኩት ዓለም አቀፉ የመረብ ኳስ ፌዴሬሽን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ምርጥ ብሎ ከሰየማቸው ሦስት ተጫዋቾች ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ። ከሴቶች የተመረጠችው ኩባዊቷ ሬግላ ቶረስ ናት። በ1992 ባርሴሎና ላይ፣ ማለትም ደራርቱ በ10,000 ሜትር ባሸነፈችበት ኦሊምፒክ፣ የመጀመሪያ ወርቋን ስታጠልቅ ገና 17 ዓመቷ ነበር፤ በ1996 እና በ2000 ደግሞ ደገመችው። ከወንዶች ሁለት ሰዎች እኩል ተመርጠዋል። አንደኛው አሜሪካዊው ካርች ኪራሊ ነው፤ በ1984 እና በ1988 በአዳራሽ ውስጥ፣ በ1996 ደግሞ የአሸዋ ላይ መረብ ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በገባበት በአትላንታ ከኬንት ስቴፈስ ጋር ተጣምሮ ወርቅ አግኝቷል። በሁለቱም ዓይነት ወርቅ ያገኘ ሌላ ተጫዋች የለም።

ሁለተኛው ጣሊያናዊው ሎሬንዞ ቤርናርዲ ነው፤ እሱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቤርናርዲ በተጫዋችነት ዘመኑ የኦሊምፒክ ወርቅ አላገኘም። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ደብተሬን ከጎኔ ቆማ ስታነብ ቆይታ «ጋሼ፣ ይሄኛው ወርቅ ሳይኖረው ለምን ከነሱ እኩል ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የሚያጠግብ መልስ ግን አላገኘሁላትም። ስለዚህ እናንተን እጠይቃለሁ፦ ስድስቱን የምንመርጠው በምን ሚዛን ነው? ከስማቸው ሥር የምንጽፈውስ ምኑን ነው?

ሐይቅ ዳር፣ ከሐዋሳ

በመጀመሪያ ለምትሠራው ሥራ አመሰግናለሁ። ነገሩን ማወሳሰብ ግን ያለብን አይመስለኝም። ለልጅ የሚጻፍ ነገር ግልጽ መሆን አለበት፤ ከኦሊምፒክ ወርቅ የበለጠ ግልጽ ሚዛን ደግሞ የለም። «የክፍለ ዘመኑ ምርጥ» የሚለው ሰዎች ተሰብስበው የሰጡት ስያሜ ነው፤ ወርቅ ግን በሜዳ ላይ በነጥብ የሚገኝ ነው። በዚህ ሚዛን ከአሰልጣኞች ብራዚላዊውን ዦዜ ሮቤርቶ ጊማራይስን የሚቀድመው አይገኝም። በ1992 የወንዶቹን፣ በ2008 እና በ2012 የሴቶቹን ቡድን ለወርቅ አብቅቷል፤ ወንዶችንም ሴቶችንም ለኦሊምፒክ ወርቅ ያበቃ ብቸኛው የመረብ ኳስ አሰልጣኝ እሱ ነው። ቤርናርዲን አውጥተህ እሱን አስገባ።

መምህር ከአዳማ

ከሐይቅ ዳር ጋር በአክብሮት እለያያለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውስ፦ በኦሊምፒክ ሜዳሊያ የሚጠለቀው ለተጫዋቾች ብቻ ነው፤ ለአሰልጣኝ አይሰጥም። ጊማራይስ ሦስት ጊዜ ሲያሸንፍ አንገቱ ባዶ ነበር። ስለዚህ ወርቁን ብቸኛ ሚዛን ካደረግነው እሱ ራሱ ከሚዛኑ ይወድቃል፤ አሰልጣኝን ልናከብር ከፈለግን ከሜዳሊያው ጀርባ ያለውን ሥራ መመልከት ግድ ይሆንብናል።

አሁን ወደ ቤርናርዲ ልምጣ፤ የልጅቷ ጥያቄ በወጉ ሊመለስላት ይገባል። በ1989 አርጀንቲናዊው ሁሊዮ ቬላስኮ የጣሊያንን የወንዶች ቡድን ሲረከብ ቡድኑ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ብራዚል ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና ዋንጫን አነሣ፤ በ1994 አቴንስ ላይ ደገመው፤ የዚያ ውድድር ኮከብ ተጫዋችም ቤርናርዲ ነበር። በሁለቱ ድሎች መካከል ግን ባርሴሎና አለች፤ በ1992 ጣሊያን ገና በሩብ ፍጻሜ በኔዘርላንድስ 3 ለ 2 ተሸንፋ ወጣች። ከአራት ዓመት በኋላ በአትላንታ ፍጻሜ እነዚሁ ሁለት ቡድኖች ተገናኙ። አምስተኛው ዙር ላይ ደረሱ፤ ኔዘርላንድስ 17 ለ 15 አሸነፈች። ቤርናርዲን ከኪራሊና ከቶረስ የሚለየው ርቀት እንግዲህ እነዚህ ሁለት ነጥቦች ናቸው። አሥር ዓመት የተጫወተውን ጨዋታ ሁሉ በሁለት ነጥብ መመዘን ይቻላል የሚል ካለ፣ እኔ አልስማማም።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ያሳዝን ነበር፤ ግን አላበቃም። ቬላስኮ በ70 ዓመቱ ማግስት የጣሊያንን የሴቶች ቡድን ተረክቦ በ2024 ፓሪስ ላይ ለፍጻሜ ደረሰ። በማዶው ወንበር የነበረው የአሜሪካ አሰልጣኝ ማን ይመስላችኋል? ካርች ኪራሊ ነው። ከቬላስኮ ጎን በረዳት አሰልጣኝነት የቆመው ደግሞ ሎሬንዞ ቤርናርዲ ነበር። የክፍለ ዘመኑ ምርጥ ተብለው እኩል የተሰየሙት ሁለቱ ሰዎች በአንድ ፍጻሜ ላይ ፊት ለፊት ተያዩ። ጣሊያን 3 ለ 0 አሸነፈች፤ ይህም ለሀገሪቱ በወንድም በሴትም የመጀመሪያው የመረብ ኳስ የኦሊምፒክ ወርቅ ሆነ። የውድድሩ ኮከብ ተብላ የተመረጠችው ፓኦላ ኤጎኑ ናት። ቤርናርዲ ያን ቀንም ሜዳሊያ አላጠለቀም፤ ረዳት አሰልጣኝ ነበርና።

ስለ ቬላስኮ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ራሴ በትምህርት ቤት ቡድናችን ስለሞከርኩት ነው። ቬላስኮ በተጫዋቾች ዘንድ አጥብቆ የሚቃወመው የሰበብን ልማድ ነው። መቺው ኳሱ በደንብ አልተመቻቸልኝም ብሎ አቀባዩን፣ ማለትም ኳሱን ለመቺ የሚያመቻቸውን፣ ይወቅሳል፤ አቀባዩ ደግሞ ሰርቪሱን የተቀበለውን ይወቅሳል፤ ሰርቪሱን የተቀበለው ከኋላው የሚወቅሰው ሰው ሲያጣ መብራቱን ይወቅሳል። የእኔም ልጆች ኳስ መሬት በነካ ቁጥር አንገታቸውን ወደ አቀባያችን ያዞሩ ነበር። አንድ ወር ሙሉ አንድ ሕግ ብቻ አወጣሁ፦ ኳስ ሲወድቅ ማንም ወደ ማንም አይዞርም፤ ሁሉም ወደ መረቡ ያያል። ያ አቀባይ ከዚያ በኋላ ትከሻው ቀና ብሎ መጫወት ጀመረ። ቬላስኮን በግድግዳው ላይ ባትጽፈው እንኳ ይህን ልማድ በሜዳህ ላይ ሞክረው።

ሐይቅ ዳር፣ ከሐዋሳ

መምህር፣ ስለ ሜዳሊያው ያሉት ትክክል ነው፤ አስቤው አላውቅም ነበር። ያም ሆኖ በር ከከፈትን የት እንደምንዘጋው ይንገሩኝ። ለምሳሌ ደቡብ ኮሪያዊቷ ኪም ዮን ኩንግ በ2012 ለንደን ላይ 207 ነጥብ አስቆጥራ የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብላ ተመረጠች፤ ቡድኗ ግን አራተኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። በቶኪዮም እንዲሁ አራተኛ ሆኑ። እሷም ትግባ ልንል ነው?

ሊቤሮ 14፣ ከሐዋሳ

ብትገባ ምን ይጎዳል? አራተኛ የወጣ ቡድን ውስጥ ሆና ወርቅ ያጠለቁትን ሁሉ በልጣ መመረጧ እኮ የችሎታዋን ልክ የሚያሳይ ነው።

እኔ ግን የመጣሁት ስለ ሌላ ሰው ለመናገር ነው። ቁመቴ 168 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የምጫወተውም በሊቤሮነት ነው። በ1998 ይህ ቦታ በሕግ ባይፈቀድ ኖሮ እንደኔ ያለ ሰው ከወንበር አይነሣም ነበር። ሊቤሮ ሰርቪስ አይመታም፣ በብሎክ፣ ማለትም የተጋጣሚን ምት መረቡ ላይ ዘልሎ በእጅ በመከልከል፣ አይሳተፍም፣ ከመረብ በላይ ያለ ኳስ አይመታም፤ ሥራው ሌላው ነጥብ እንዲያስቆጥር ኳስን ከመሬት ማዳን ብቻ ነው። በልጆች ሜዳ ላይ ሊቤሮ ሁን የተባለ ልጅ ፊቱ እንዴት እንደሚጠቁር አሠልጣኙ ያውቃል።

ብራዚላዊው ሴርዢዮ ዶስ ሳንቶስ፣ ሁሉም ሴርዢኞ የሚሉት፣ በዚህ ቦታ ላይ ሆኖ በ2004 ወርቅ፣ በ2008 እና በ2012 ብር አገኘ። በ2016 በገዛ ሀገሩ ሪዮ ላይ በ40 ዓመቱ ሁለተኛ ወርቁን አጠለቀ፤ የኦሊምፒኩ ኮከብ ተጫዋችም እሱ ሆነ። ለአንድ ነጥብ እንኳ ኳስ መትቶ እንዲያስቆጥር ያልተመደበ ሰው የዓለም ታላላቅ መቺዎች ከተሰለፉበት ውድድር አንደኛ ተብሎ መመረጡን ለልጆቹ ንገርልኝ። ከስድስቱ አንዱ እሱ ካልሆነ ግድግዳው ስድስት መቺዎች ያሉበት ቡድን ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ቡድን ደግሞ አንድም ሰርቪስ አይቀበልም።

የስፌት መስመር፣ ከሐዋሳ

በኢንዱስትሪ ፓርኩ የስፌት ሠራተኛ ነኝ፤ ከፈረቃ በኋላ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እጫወታለሁ። ለግድግዳው ሰው ሳይሆን ቡድን አቀርባለሁ፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ወርቅ ያገኘውን የጃፓን የሴቶች ቡድን።

መረብ ኳስ ኦሊምፒክ የገባው በዚያ ዓመት ነው። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ኦክቶበር 21 ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 23፣ የጃፓን ሴቶች ሶቪየት ኅብረትን 3 ለ 0 አሸነፉ። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ኒቺቦ የተባለ የክርና የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ ሠራተኞች ነበሩ፤ ቀን ሥራቸውን ሠርተው ማታ ወደ ልምምድ ይገቡ ነበር። አምበላቸው ማሳኤ ካሳይ ትባላለች። ኳስ ርቆ ሲመጣ ተወርውረው መሬት ላይ እየተንከባለሉ ካነሡ በኋላ በዚያው ግፊት ተመልሰው የሚቆሙበትን ስልት ዓለም ያወቀው ከነሱ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ስምንት ሰዓት ተቀምጬ የሠራሁበት ወገቤ ትዝ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ መሬት ላይ መንከባለል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህችን ከተማ ለሚያውቅ ልጅ፣ እናቱ ወይም እህቱ በፋብሪካ ለምትውል ልጅ፣ ከነሱ የሚቀርብ ምሳሌ አይኖርም።

መምህር ከአዳማ

ስለ ቡድኑ እስማማለሁ፤ ስለ አሰልጣኙ ግን አንድ ጥንቃቄ ላክል። ሂሮቡሚ ዳይማትሱ ልምምዱን እስከ እኩለ ሌሊት የሚያደርስ ሰው እንደነበረ የታወቀ ነው፤ በጭካኔውም ያን ጊዜ ጭምር ተወቅሷል። በእኛ ሀገር ልጅን በጉልበት ማሠልጠንን እንደ ጥበብ የሚቆጥር ሰው አሁንም ስላለ፣ ስሙ በሙገሳ ብቻ ቢጻፍ እሰጋለሁ። የካሳይንና የቡድኑን ስም መጻፍ ይበቃል።

የቀድሞ አቀባይ፣ ከሐዋሳ

ልጆቼ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። በወጣትነቴ ለአንድ መሥሪያ ቤት ቡድን በአቀባይነት ተጫውቻለሁ፤ አሁን የልጅ ልጆቼን ሜዳ ድረስ እሸኛለሁ። ወርቅ ብቻ ይቆጠር ለሚለው ልጄ አንድ ነገር ላስታውሰው። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ሶቪየት ኅብረትና ኩባ አልነበሩም፤ በ1988 ሴኡል ላይም ኩባ ቀረች። ሀገራችንም በሁለቱም አልተገኘችም፤ ሯጮቻችን እግራቸው በበረታበት ዘመን ቤታቸው የቀሩበትን ያን ጊዜ እኔ በደንብ አስታውሳለሁ። ኩባዊቷ ሚሬያ ሉዊስ ቁመቷ 175 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ፣ ከሷ እጅግ የረዘሙትን ሴቶች ዘልላ ከእጃቸው በላይ የምትመታ ተጫዋች ነበረች። የመጀመሪያውን ወርቋን እስክታገኝ ድረስ እስከ ባርሴሎና መጠበቅ ነበረባት፤ ከዚያ በኋላ ሦስቱንም በተከታታይ አገኘች። በሴኡል ብትኖር ኖሮ ስንት ይሆን ነበር? ሜዳሊያ ያልተቆጠረው ባለመቻል ብቻ አይደለም፤ በሩ ተዘግቶም ነው። በተቃራኒው፣ የኪራሊ ቡድን በ1984 ሶቪየት በሌለበት አሸነፈ ብለው ያሙት ሰዎች ነበሩ፤ በ1988 ግን ራሷን ሶቪየትን በፍጻሜ 3 ለ 1 አሸንፎ ሐሜቱን ዘጋው።

ለአሰልጣኝ ቦታ የእኔ ምርጫ ቻይናዊቷ ላንግ ፒንግ ናት። በመቺነቷ ኃይል «ብረት መዶሻ» ይሏት ነበር፤ በ1984 በተጫዋችነት ወርቅ አገኘች። በ1996 ቻይናን እያሠለጠነች ሁለተኛ ሆነች። በ2008 በቤጂንግ የአሜሪካ ሴቶች አሰልጣኝ ሆና መጥታ በምድብ ጨዋታ ቻይናን በገዛ ሕዝቧ ፊት 3 ለ 2 አሸነፈች፤ በዚያም ውድድር ብር አገኘች። በ2016 ሪዮ ላይ እንደገና ከቻይና ጋር ነበረች። ከአምስቱ የምድብ ጨዋታዎች ሦስቱን ተሸንፈው በአራተኛነት አለፉ፤ ሩብ ፍጻሜው ላይ የገጠመቻቸው ደግሞ ሁለት ኦሊምፒክ በተከታታይ ያሸነፈችው፣ በሜዳዋ የምትጫወተው ብራዚል ነበረች። የመጀመሪያውን ዙር በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ። ላንግ ፒንግ ግን አሰላለፏን አስተካክላ ጨዋታውን 3 ለ 2 አወጣችው፤ ከዚያ ኔዘርላንድስን፣ በፍጻሜው ሰርቢያን አሸንፈው ወርቁን ወሰዱ። በመረብ ኳስ በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም የኦሊምፒክ ወርቅ ላይ የደረሰች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። ያን ቀን የተሸነፈው የብራዚል አሰልጣኝ ሐይቅ ዳር ያመሰገነው ጊማራይስ ነው።

ነርስ፣ ከሐዋሳ

ይህ ውይይት ስለ ክብር ስለሆነ አመንትቼ ነው የምጽፈው፤ ሆኖም ለአሠልጣኙ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። አሜሪካዊቷ ፍሎ ሃይማን ቁመቷ 196 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በዘመኗ ከሁሉም የጠነከረ ምት የነበራት ተጫዋች ነበረች፤ በ1984 ብር አግኝታለች። በጃንዋሪ 1986 ጃፓን ውስጥ ለክለቧ ስትጫወት ተቀይራ ወጥታ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ወደቀችና በ31 ዓመቷ ሞተች። መጀመሪያ ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው ተብሎ ነበር፤ አስከሬኗ ሲመረመር ግን ማርፋን የተባለ፣ ከትውልድ የሚመጣ የሰውነት ማያያዣ ሕብረ ሕዋስ ችግር እንደነበረባትና ከልብ የሚወጣው ዋናው የደም ሥር እንደተቀደደ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ወንድሟ ተመርምሮ ተመሳሳይ ችግር ተገኘበት፤ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት።

ይህ ችግር ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ቁመተ ረጃጅም ናቸው፤ እጃቸውና ጣቶቻቸው ይረዝማሉ፣ አንዳንዶቹ የዓይን ችግር ወይም የደረት አጥንት መጉበጥ ይታይባቸዋል። ረጅም ልጅ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። ነገር ግን መረብ ኳስ ረጃጅም ልጆችን ፈልጎ የሚመርጥ ጨዋታ ስለሆነ፣ እነዚህን ምልክቶች አንድ ላይ ያየ አሠልጣኝ፣ በተለይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ልጁን የልብ አልትራሳውንድ ወደሚነሣበት ሆስፒታል እንዲልክ እለምናለሁ።

የታቦር ልጅ፣ ከሐዋሳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ የቀድሞ አቀባይ፣ የርስዎን ጽሑፍ ትናንት ከልምምድ በኋላ ለልጆቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ በብራዚሉ ጨዋታ ላይ ስደርስ ቁጭ ያሉት ሁሉ ተነሥተው ነበር።

ስድስቱን ከልጆቹ ጋር ሆነን ወስነናል፤ ቶረስ፣ ኪራሊ፣ ቤርናርዲ፣ ላንግ ፒንግ፣ ሴርዢኞ፣ ስድስተኛው ደግሞ ካሳይና የ1964 የጃፓን ሴቶች በአንድ መደብ። ሐይቅ ዳር፣ ጊማራይስን ባለማስገባቴ ቅር እንደምትሰኝ አውቃለሁ፤ ሰባተኛ ቦታ ቢኖረኝ ለእሱ ነበር። ከስማቸው ሥር ያሸነፉትን ብቻ ሳይሆን የተሸነፉትንም እንጽፋለን። የቤርናርዲን መስመር የምትጽፈው ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ ናት፤ የመምህሩን መልስ ነግሬያት በደብተሯ ላይ እንዲህ አርቅቃዋለች፦ «1990 የዓለም ሻምፒዮን። 1994 የዓለም ሻምፒዮን። 1996 በኦሊምፒክ ብር፣ 17 ለ 15። 2024 ረዳት አሰልጣኝ።» አንድም ቃል አልቀየርኩባትም።

የፍሎ ሃይማን ስም በግድግዳው ላይ ሳይሆን በበሩ መቃን ላይ ይጻፋል። በየሦስት ወሩ የልጆቹን ቁመት በእርሳስ የምናሰምረው እዚያ ነው፤ የምለካቸው እኔ ስለሆንኩ በለካሁ ቁጥር ስሟን አየዋለሁ። ነርስ፣ ከምልክቶቹ ሁለቱን የማይበት አንድ የ15 ዓመት ልጅ አለኝ፤ ዛሬ ጠዋት ከወላጆቹ ጋር ተነጋግሬ በሚቀጥለው ሳምንት ምርመራ እንዲወስዱት ተስማምተናል፤ እስከዚያ ድረስ አይዘልም።

ቀለም መቀባት የምንጀምረው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራውን በእርጥብ ቀለም ላይ ስለሚያለብስብን። ሦስት ሜትር ገደማ የሚደርስ መሰላል ያለው ሰው ለአንድ ቀን ቢያውሰን ትልቅ ውለታ ነው።

ሐይቅ ዳር፣ ከሐዋሳ

ስለ ጊማራይስ ሐሳቤን አልቀየርኩም። መሰላሉን ግን እኔ ይዤ እመጣለሁ።